የአንጋፋዎቹ ኮንሰርት ትኬት ለምን ጣሪያ ነካ?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ከጋሼ ጋር ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ አንዲት ጠባብ ቡና ቤት ውስጥ ማኪያቶ እየጠጣን ነበር። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሰባዎቹን አጋምሰዋል። ለንደን ያለው ልጃቸው የአንድ አንጋፋ የሮክ ባንድ ኮንሰርት ሊገባ ትኬት መግዛቱን ጽፎላቸዋል፤ ዋጋውንም ነግሯቸዋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፓውንዱን ወደ ብር መነዘሩት። የተሳሳቱ መስሏቸው ደግመው አሰሉት። ከዚያ ስልኩን ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ጠየቁኝ።

«ዕቃ ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል። ዘፋኝ ሲያረጅ ለምንድነው የሚወደደው?»

ጥያቄው የለንደኑን ብቻ የሚመለከት አልነበረም። በወጣትነታቸው ያጨበጨቡላቸው ድምፃውያን እዚሁ አዲስ አበባ ኮንሰርት ሲያቀርቡ፣ የመግቢያውን ዋጋ ሰምተው ዝም ብለው የቀሩበት ጊዜ አለ። እዚያው ልመልስላቸው ሞከርኩ። ማኪያቶው አለቀ፣ ነገሩ ግን ገና ነበር። አንድ ጓደኛዬ ለዓመታት ኮንሰርት ላይ ሳውንድ ሲሠራ አብሬው እየዞርኩ ያየሁት አለ፤ ያነበብኩትም አለ። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጌ ላስረዳ።

ከሥሩ ልጀምር። ዱሮ ኮንሰርት የአልበም ማስታወቂያ ነበር። ገንዘቡ ያለው ሸክላው፣ ካሴቱና ሲዲው ላይ ነው። ባንዱ ከተማ ለከተማ የሚዞረው አዲሱ አልበም እንዲሸጥለት ነው። ትኬቱ ርካሽ ቢሆን ግድ የለም። ቢከስርም እንኳ አልበሙ ይክሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ናፕስተር የሚባል ፕሮግራም መጣና ሰው ዘፈን በኢንተርኔት በነፃ መቀባበል ጀመረ። ያ አሠራር ከዚያ ወዲህ ተናጋ። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ ገና በ2002 ሙዚቃ እንደ ቧንቧ ውሃና እንደ መብራት ሊሆን ነው፣ ስለዚህ ብዙ መድረክ ላይ ለመሥራት ተዘጋጁ ብሎ ነበር። ያለው ሆነ። ዛሬ አንድ ዘፈን ስፖቲፋይ በሚባለው የኢንተርኔት ሙዚቃ ማዳመጫ ላይ አንድ ጊዜ ሲደመጥ ለባለመብቶቹ የሚደርሰው የአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ግማሽ እንኳ አይሞላም። ያችኑ አሳታሚው፣ ደራሲውና ዘፋኙ ይካፈሏታል።

አለን ክሩገር የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር ነገሩን በቁጥር አሳይቶታል። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2003 ባለው ጊዜ አሜሪካ ውስጥ አጠቃላይ የዕቃና የአገልግሎት ዋጋ በ17 በመቶ ጨመረ። የኮንሰርት ትኬት ግን በ82 በመቶ ጨመረ። የታላላቅ ኮንሰርቶች አማካይ ትኬት በ1996 ወደ 26 ዶላር ነበር። በ2024 ከ130 ዶላር አልፏል። ኢግልስ የሚባለው ባንድ ከረዥም መለያየት በኋላ በ1994 ተመልሶ ሲመጣ ከ100 ዶላር በላይ ማስከፈሉ ያኔ ጉድ አሰኝቶ ነበር። ዛሬ በዚያ ዋጋ ከመድረኩ ሩቅ የሆነ ወንበር ቢገኝ ነው።

ይህ የፈረንጆቹ ታሪክ ነው። የእኛው ከዚህ ይብሳል። እነሱ ቢያንስ ሲዲው ያበላቸው ዘመን ነበራቸው። የእኛ ዘፋኝ ሥራውን ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ይሸጥ ነበር። ካሴቱ ትንሽ ቢሸጥም ብዙ ቢሸጥም የእሱ ድርሻ ያችው ናት። ሙዚቃ ቤቱን ደግሞ ቀጂው ይዘርፈዋል። እኔም ከቀጂዎቹ አንዱ ነበርኩ። ቤታችን ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ነበረን። በአንዱ በኩል የጓደኛዬን ካሴት፣ በሌላው በኩል ባዶ ካሴት እናስገባለን። ባዶ ካሴት ካጣን የአባቴን የቆየ ካሴት ወስደን፣ በጀርባው በኩል ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በወረቀት ወትፈን በላዩ ላይ እንቀዳለን። ሰፈሩ በሙሉ እንዲህ ነበር። የቅጂ መብት አዋጁ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ አዋጅ ቁጥር 410 ይባላል። እሱ ሲወጣ ካሴቱ እያለፈበት ነበር። ከዚያ የተቀዳ ሲዲ መጣ፣ ቀጥሎ ፍላሽ፣ ቀጥሎ ሚሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን ማስጫን መጣ። በጥቂት ብር የአንድ ሰው የሃምሳ ዓመት ሥራ ተጭኖልን ኪሳችን ከተን እንሄድ ነበር።

አንድ ሰው ልጥቀስ። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ ባንዱ ሒልተን ይጫወት በነበረበት ዘመን። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደ። ኃይሉ እዚያው ቀረና ዋሽንግተን አጠገብ፣ ደለስ ኤርፖርት፣ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ሰው ሲጠብቅ ከታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ ትንሽ ኪቦርድ እያወጣ ይለማመድ ነበር። ቀደም ሲል የቀዳው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ሲወጣ ነው ወደ ዓለም መድረክ የተመለሰው። እዚህ አዲስ አበባ የእሱን ኪቦርድ ያልሰማ ታክሲ ውስጥ ገብቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። የእኛ መስማት ግን ለእሱ ምንም አላስገባለትም።

ለጋሼም ያልኳቸው ይህን ነው። ያኔ ሙዚቃ ቤት ደጃፍ ላይ ያልከፈልነውን አሁን አዳራሽ በር ላይ እየከፈልን ነው። ለዘፋኙ የቀረው ሱቅ መድረኩ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ለማስረዳት ትንሽ ያስቸግራል፣ ግን ደስ የሚል ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ዊሊያም ባውሞልና ዊሊያም ቦወን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ምሁራን ያነሡት ነው። ፋብሪካን አስቡ። በድሮ ጊዜ አንድ ሠራተኛ በቀን አሥር ጫማ ይሠራ ከነበረ፣ ማሽን ሲመጣ መቶ ይሠራል። ደመወዙ ቢጨምር እንኳ ጫማው የግድ አይወደድም። ሙዚቃ እንዲህ አይደለም። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን ለመጫወት በንጉሡ ዘመን ስምንት ሰው አምስት ደቂቃ ይፈጅባቸው ነበር። ዛሬም ስምንት ሰው አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጅባቸው። ማፋጠን አይቻልም። የሳክስፎን ተጫዋቹ ግን ቤት ኪራይ የሚከፍለው በዛሬው ዋጋ ነው። ፀጉር ቤት ዋጋው በየጊዜው የሚጨምረውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ራስ ለመቁረጥ አሁንም አንድ ሰውና ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዕድሜው እንምጣ። የሮሊንግ ስቶንስ ጊታር ተጫዋች ኪዝ ሪቻርድስና የእኛው ሙላቱ አስታጥቄ የተወለዱት በአንድ ወር ነው፤ በዲሴምበር 1943። የባንዱ ድምፃዊ ሚክ ጃገርም የዚያው ዓመት ልጅ ነው። የሰማንያ ዓመት ሰው መድረክ ላይ ማቆም የሃያ አምስት ዓመት ልጅን እንደማቆም አይደለም። በ2019 ጃገር የልብ ቀዶ ሕክምና ሲያደርግ የሰሜን አሜሪካው ጉዞ በሙሉ ለወራት ተራዘመ። ስታዲየም ተይዟል፣ ትኬት ተሸጧል፣ የመኪናና የሆቴል ቀብድ ተከፍሏል። ለዚህ ዓይነቱ አደጋ ነው አዘጋጆች መድን የሚገቡት። የመድኑ ዋጋ ደግሞ ከዘፋኙ ዕድሜ ጋር ይወጣል።

ዕረፍትም አለ። ወጣት ባንድ በሳምንት አምስት ቀን ይጫወታል። ሽማግሌ በሁለት ኮንሰርት መካከል ሦስት አራት ቀን ማረፍ አለበት። እሱ ሲያርፍ ግን ሌላው ወጪ አያርፍም። መብራት የሚሰቅሉት፣ ሳውንድ የሚሠሩት፣ ሹፌሮቹ፣ ምግብ የሚያዘጋጁት ሁሉ ሆቴል ተኝተው አበል ይበላሉ። የሦስቱ ቀን ወጪ በአራተኛው ቀን ትኬት ላይ ይጫናል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «የመጨረሻው» የሚለው ቃል ነው። እንግሊዛዊው ዘፋኝ ኤልተን ጆን የመሰናበቻ ጉዞውን እ.ኤ.አ. በ2018 ጀምሮ በ2023 ስቶክሆልም ላይ ጨረሰ። 330 ኮንሰርት አቀረበ፤ ገቢው ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ሰው ለአንድ ምሽት ዘፈን ብቻ አልከፈለም። ከዚህ በኋላ የለም ተብሎ ነው የከፈለው። ይህን እኛም በ2017 ዓ.ም. መሐሙድ አሕመድ አዲስ አበባ ላይ አድናቂዎቹን ሲሰናበት አይተነዋል። ከልጅነቱ ሊስትሮ ሠርቶ፣ አሪዞና ክለብ በሠራተኝነት ገብቶ፣ ከዚያ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ድምፃዊ የሆነ ሰው ነው። ከስድሳ ዓመት የመድረክ ሕይወት በኋላ ደህና ሁኑ ሲል፣ ዋጋ ስንት ነው ብሎ የሚከራከር ብዙ ሰው አይገኝም። አዘጋጅ ሁሉ ይህን ያውቃል።

አድማጩም አብሮ አርጅቷል። ያኔ ተማሪ የነበረው ዛሬ ልጆቹን አሳድጎ፣ ቤቱን ሠርቶ፣ ትንሽ ጥሪት ይዟል። ብቻውንም አይመጣም፤ ልጁንና የልጅ ልጁን ይዞ ይመጣል። ሮሊንግ ስቶንስ በ2024 አሜሪካን ሲዞሩ የጉዞው ዋና ስፖንሰር ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ለሆኑ ሰዎች የሚሠራው ትልቁ የአሜሪካ ማኅበር ነበር። ገበያው ማን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር የለም።

ስለ አሸጣጡም ትንሽ ልበል። ዝናብ ሲጥል ራይድ ስትጠሩ ዋጋው ከፍ ብሎ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ትልልቆቹ የትኬት ሻጮችም እንዲህ ማድረግ ጀምረዋል፤ ፈላጊ ሲበዛ ዋጋው ይወጣል። በ2022 የአሜሪካዊው ሮክ ዘፋኝ የብሩስ ስፕሪንግስቲን ትኬት ሽያጭ ላይ አንዳንዱ ወንበር እስከ 5,000 ዶላር ደርሶ ነበር። ትኬት ሻጩ ኩባንያ አማካዩ 200 ዶላር ገደማ ነው ብሎ ተከራከረ። አድናቂው ግን የሚያስታውሰው 5,000ዋን ነው። በኦገስት 2024 ደግሞ ተለያይተው የነበሩት የእንግሊዝ ሮክ ባንድ ኦኤሲስ ተመልሰው መጡ ሲባል ሰው ለሰዓታት ስክሪን ላይ ወረፋ ጠበቀ። 150 ፓውንድ ገደማ ነው ብሎ የተሰለፈበት የቁም ትኬት ተራው ሲደርስ ከ350 በላይ ሆኖ ጠበቀው። የብሪታንያ የውድድር ተቆጣጣሪ ጉዳዩን መረመረ። ያገኘው ነገር ከተወራው ይለያል። ዋጋውን በየደቂቃው የሚቀይር ኮምፒውተር አልነበረም። የቁም ትኬቱ ከመጀመሪያውም በሁለት ዋጋ ተከፍሎ ነበር፤ ርካሹ ሲያልቅ ውዱ ይወጣል። ሰልፈኛው ግን አልተነገረውም። እኔን ከዋጋው ይልቅ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ሰው ስንት እንደሚከፍል ሳያውቅ ቀኑን ሙሉ መሰለፍ የለበትም።

ከሻጩ ጀርባ ያለውን ገበያ በአጭሩ ልለፈው። ትልቁ ኮንሰርት አዘጋጅ ላይቭ ኔሽንና ትልቁ ትኬት ሻጭ ቲኬትማስተር እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ሆኑ። የአሜሪካ መንግሥት በ2024 ገበያውን ጠቅልለው ይዘዋል ብሎ ከሰሳቸው። ዘፋኞቹም ቢሆኑ ከደሙ ንጹህ አይደሉም። ትልልቆቹ ከወጪ ቀሪ ካለው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከ85 እስከ 90 በመቶውን ይወስዳሉ። ዋጋው ላይም ቃል አላቸው። ኪዩር የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ ድምፃዊ ሮበርት ስሚዝ በ2023 ትኬታችን ርካሽ ይሁን፣ ተለዋዋጭ ዋጋም አንፈልግም አለ። በአንዳንድ ቦታ የአገልግሎት ክፍያው ከትኬቱ ዋጋ እኩል ሆኖ ሲገኝ በአደባባይ ተከራክሮ ሻጩ የተወሰነውን እንዲመልስ አድርጓል። ስለዚህ ይቻላል።

እኛ ጋ ግን ይህ ሁሉ ቴክኖሎጂ የለም። ታዲያ አዲስ አበባ ላይ ለምን ተወደደ?

ጋሼ የሚያውቁት ዘመን ትኬቱ ብቻውን ወጪውን አይሸከምም ነበር። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊት፣ የሀገር ፍቅር ሙዚቀኞች የወር ደመወዛቸው ከመንግሥት ነበር። የሆቴል ባንዶቹን ደግሞ ሆቴሉ ይቀጥራቸዋል፤ ገንዘቡን ከእራቱና ከመጠጡ ያገኘዋል። መሣሪያውም በአብዛኛው የቀጣሪው ነው። በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊ ምክንያት በሩ ከተዘጋ እስኪነጋ መውጣት አልነበረም። ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። አንዴ የከፈሉበት መግቢያ ሌሊቱን ሙሉ ነው። ጋሼ ራስ ሆቴል እንዲህ አድረው፣ ጠዋት በለገሃር በኩል በእግራቸው ወደ ቤት ሲሄዱ ጆሯቸው ውስጥ ድራሙ ይመታ እንደነበር ይነግሩኛል።

ዛሬ ሁሉም ነገር የሚወራረደው በዚያ አንድ ምሽት ነው። ጓደኛዬ አንዴ የኮንሰርት ወጪ በናፕኪን ላይ ጽፎ አሳይቶኝ ነበር። የዘፋኙ ክፍያ፣ ግማሹ በቀብድ። የባንዱ ክፍያ፣ የልምምዱ ጭምር። አዳራሽ። መድረክ፣ ሳውንድ፣ መብራት፣ ትልቁ ስክሪን። ጄኔሬተር ከነናፍጣው። ጥበቃ፣ ማስታወቂያ፣ ፈቃድ። ዘፋኙ ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ የእሱና የሙዚቀኞቹ አውሮፕላን። ናፕኪኑ ሞላና ገልብጦ በጀርባው ቀጠለ።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት ያህል የተወሰዱ ናቸው። ጠቅላላ ወጪው 10 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። አዳራሹ 5,000 ሰው ይይዛል። ሙሉ በሙሉ ከተሸጠ አንዱ ትኬት 2,000 ብር ቢሆን ወጪው ተሸፈነ። ግን አዘጋጅ የሆነ ሰው አዳራሹ ይሞላል ብሎ አያሰላም። ዝናብ ሊጥል ይችላል፣ የግብዣ ትኬት አለ፣ ስፖንሰሩ የሚወስደው አለ። 3,000 ትኬት እሸጣለሁ ብሎ ያሰላል። አሁን አንዱ 3,300 ብር አለፈ። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመርበት ከ3,800 በላይ ይሆናል። ገና አላተረፈም። አሁን 4 ሚሊዮኑን የሚሸፍን ስፖንሰር ይምጣለት። ያው ትኬት ከነታክሱ ወደ 2,300 ብር ይወርዳል። ስፖንሰር ማለት ይህ ነው። ትልቁ ስፖንሰር ደግሞ ለረዥም ጊዜ ቢራ ፋብሪካ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። ሕጉ ለጤና የወጣ ነው፣ አልቃወመውም። ግን ማስታወቂያውን በነፃነት ማሳየት ያልቻለ ፋብሪካ ለኮንሰርት እንደ ድሮው እጁን አይዘረጋም። የጎደለውን እኛ በር ላይ እንሞላለን።

ከዚያ ዶላሩ መጣ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስፒከሩ፣ ሚክሰሩ፣ የጊታር ክሩ ሳይቀር ከውጭ የሚመጣ ነው። የጓደኛዬ ሥራ ቦታ አንድ የተቃጠለ አምፕሊፋየር መለዋወጫ አጥቶ ለወራት ጥግ ላይ ተቀምጦ አይቻለሁ። አቧራ ጠጥቶ ላዩ ላይ የቡና ስኒ ይቀመጥበት ጀምሮ ነበር።

ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ ጋሼ ዋጋውን ተዉትና ሌላ ጥያቄ አመጡ። «ለመሆኑ መቀመጫ አለው?»

እዚያው ሆኜ እዚሁ አዲስ አበባ ለሚቀርብ የአንድ አንጋፋ ዘፋኝ ኮንሰርት ትኬት የሚሸጥ ሰው ጋ ደወልኩ። መደበኛው የቁም ነው አለኝ። ወንበር ያለው ቪአይፒ ብቻ ነው። የቪአይፒው ዋጋ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ነው። ትኬቱ ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ይላል። ዋናው ዘፋኝ ስንት ሰዓት ይወጣል ብዬ ስጠይቀው፣ ወደ 5 ሰዓት አካባቢ ይሆናል አለኝ። አምስት ሰዓት በእግር መቆም ነው። የጋሼ ጉልበት ሃያ ደቂቃም አይችል። ለእሳቸው የትኬቱ ዋጋ መደበኛው አይደለም። ያ ዘፋኝ የእነሱ ዘመን ድምፅ ሆኖ ሳለ፣ የእሱ ዕድሜ እኩዮች ሊገቡ የሚችሉት በውዱ በር ብቻ ነው። የሃያ ዓመት ልጅ ግን በርካሹ ገብቶ ይጨፍራል።

ዶላሩን አዘጋጁ አያወርደውም፣ ታክሱንም አይቀንሰውም። ወንበር ግን በእጁ ነው። ለሰርግና ለለቅሶ የምንከራየው ነጩ የፕላስቲክ ወንበር ነው የምለው። ሁለት መቶውን ከግድግዳው ዳር ደርድሮ፣ ከስድሳ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በመደበኛ ዋጋ መሸጥ ይቻላል። ዘፋኙንም በ2 ሰዓት ማውጣት ይቻላል፤ እሱም ያረጀ ነው፣ ቶሎ ቢተኛ ደስ ይለዋል። ይህን ለጓደኛዬ ነግሬው ለሚያውቃቸው አዘጋጆች አነሳላቸዋለሁ ብሎኛል።

ጋሼ ሒሳቡን እኔ ልክፈል ብል እምቢ ብለው ከፈሉ። እስከ ስታዲየም ታክሲ መያዣው ድረስ ሸኘኋቸው። ታክሲው ሲሞላ በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ «ወንበር ያለው መደበኛ ሲወጣ ደውልልኝ፤ ለአክስትህም ጭምር ሁለት» አሉኝ።